ፒንጉ ፈጣን፣ ፕሮግራሙ ቀርፋፋ፦ የዘገየ አክን ለይቶ የማውጣትና የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ያለ ቢሮ ኮምቦልቻ ካለው መጋዘን ሰርቨር ጋር በዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራል እንበል። ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ የሚመጣበትን ጊዜ መለካት) ሲደረግ መልሱ በ6 ሚሊሰከንድ ይመጣል። የፍጥነት መለኪያውም ደህና ነው ይላል። 1500 መዝገብ አንድ በአንድ ሲላክ ግን በ9 ሰከንድ ማለቅ የነበረበት ሥራ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ራውተሩ ይጠፋና ይበራል፣ ኬብሉ ይነቀላል፣ የኢንተርኔት ፓኬጁ ከፍ ይደረጋል፣ የቸኮለው ደግሞ ፋየርዎሉን ያጠፋል። ለውጥ የለም። መስመሩ አልታመመማ! ሁለቱ ማሽኖች ቆመው እየተጠባበቁ ነው።

ይህ መመሪያ የፕሮግራሙን ኮድ፣ ካልሆነም የአንደኛውን ማሽን ሴቲንግ መንካት ለሚችል ሰው ነው። የትእዛዝና የሜኑ ስሞች እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል መልሳችሁ ጻፏቸው።

ማን ማንን እየጠበቀ ነው?

ከደሴ መናኸሪያ ዕቃ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ የሚልክ ነጋዴ አስቡ። ኮምቦልቻ ያለው ተቀባይ «ለደረሰኝ ብቻ ብዬ ሰው አልልክም፤ ወደ ደሴ የሚሄድ ነገር ሲገኝ አብሬ እሰደዋለሁ» ይላል። ደሴ ያለው ላኪ ደግሞ «የፊተኛው ዕቃ መድረሱን ሳልሰማ ትንሽ ነገር ለብቻው አልጭንም፤ ወይ መኪናው ይሙላ፣ ወይ ደረሰኙ ይምጣ» ይላል። ሁለቱም ወጪ እየቆጠቡ ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን የዕቃው ግማሽ ኮምቦልቻ፣ ግማሹ ደሴ ሲቀር በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚወርድም የሚወጣም መኪና የለም።

የተቀባዩ ጠባይ «የዘገየ አክ» ይባላል። አክ ማለት «እስከዚህ ባይት ድረስ ደርሶኛል» የሚል የቲሲፒ ደረሰኝ ነው፤ ቲሲፒ ደግሞ ሁለት ማሽኖች ዳታ ሳይጎድል የሚለዋወጡበት የኔትወርክ ደንብ ነው። ብቻውን ከሄደ ምንም ዳታ ሳይዝ ቢያንስ 40 ባይት ሄደር (የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ) ይፈጃል። ስለዚህ ተቀባዩ ትንሽ ይታገሣል፤ ፕሮግራሙ መልስ ከጻፈ ደረሰኙ በመልሱ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። የላኪው ጠባይ ደግሞ የኔግል ስልት ነው። ጆን ኔግል በ1984 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 896 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ያቀረበው ሲሆን፣ ያልተረጋገጠ ዳታ መንገድ ላይ እያለ ትንንሽ ቁራጭ እንዳይላክ ያደርጋል። ለየብቻቸው ጉዳት የላቸውም። ችግሩ የሚመጣው ፕሮግራሙ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ወደ ሶኬት (ፕሮግራሙ ዳታውን ለኔትወርክ የሚያስረክብበት በር) ጽፎ መልስ ሲጠብቅ ነው። ይህን ቅደም ተከተል «ጻፍ፣ ጻፍ፣ አንብብ» ብላችሁ ያዙት፤ እስከ መጨረሻው የምንፈልገው እሱን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትይዟቸው ቁጥሮች

- በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1122 አክ ከግማሽ ሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ያዛል። ሙሉ መጠን ያላቸው ሴግመንቶች (ቲሲፒ ዳታውን ቆራርጦ የሚልካቸው ቁራጮች) በተከታታይ ሲመጡም ቢያንስ ለየሁለቱ አንድ አክ እንዲላክ ይላል።
- ሊኑክስ ከ40 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ በተግባር ደጋግማችሁ የምታዩት 40ን ነው።
- ያረጁ ዊንዶውሶች 200 ሚሊሰከንድ ይጠብቃሉ። አዲሶቹ በአብዛኛው 40 ወይም 50 ናቸው።
- በተለመደው ኢተርኔት ሙሉ ሴግመንት 1460 ባይት ነው፤ የቲሲፒ ታይምስታምፕ ሲበራ 1448።

ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸውን ስተው ከመጡ ተቀባዩ አክን ማዘግየት የለበትም፤ ወዲያው ይመልሳል። ስለዚህ ፓኬት የሚጠፋበት መስመርና የዘገየ አክ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. ሁለት ማሽን ለዩ፤ ላኪው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን ነው? ወረቀት ላይ ጻፉት። በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ብዙዎቹ ትክክለኛውን ሴቲንግ በተሳሳተው ማሽን ላይ ማድረግ ናቸው።
2. ላኪው ማሽን ላይ በመስመሩ የሚያልፉ ፓኬቶችን ይዞ የሚያሳየውን ዋይርሻርክ ጫኑ። ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ በትእዛዝ የሚሠራው ተመሳሳዩ ቲሲፒዳምፕ ይበቃል።
3. ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን የፖርት ቁጥር እወቁ።
4. የማይለወጥ የሙከራ ሥራ አዘጋጁ፤ ለምሳሌ አንድ ዓይነት 1500 መዝገብ። ከ200 ጥያቄ በታች አትሞክሩ። ሊኑክስ ኮኔክሽኑ እንደተከፈተ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴግመንቶች ሳያዘገይ ይመልሳል፤ ይህ የፈጣን ምላሽ ጊዜ እስከ 16 ሴግመንት ሊሄድ ይችላል። አምስት ጥያቄ ልኮ «ችግር የለም» ያለ ሰው የተታለለው በዚህ ነው።
5. በመካከል ቪፒኤን ወይም ፕሮክሲ ካለ መዝግቡ። ፕሮክሲ አንዱን ቲሲፒ ኮኔክሽን ሁለት ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ አክ፣ የራሱ ኔግል አለው።

ሙከራውን ሰኞ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት አታድርጉት። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ መሆኑንም አስቀድማችሁ እዩ፤ ደረጃ 5 ላይ ዳግም ማስነሳት ሊያስፈልግ ይችላል፣ መብራት ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

ደረጃ 2፦ መነሻውን ለኩ

ከላኪው ወደ ተቀባዩ 20 ጊዜ ፒንግ አድርጉ፤ ከውጤቱ ትንሹን ቁጥር ያዙ። በምሳሌያችን 6 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ የሙከራ ሥራውን አሂዱና ጠቅላላ ጊዜውን ለጥያቄዎቹ ብዛት አካፍሉ። 78 ሰከንድ ለ1500 ሲካፈል 52 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

አሁን ከ52 ላይ 6ን ቀንሱ፤ 46 ቀረ። ከእሱም ሌላ 6 ቀንሱ፤ 40 ቀረ! ሁለት ጊዜ የምንቀንሰው አንዱ ጥያቄ ሁለት ዙር መንገድ ስለፈጀ ነው። የቀረው ቁጥር ወደ 40፣ 50 ወይም 200 ከተጠጋ የዘገየ አክን ጠርጥራችሁ ቀጥሉ። 17፣ 93፣ 310 እያለ የሚዘል ከሆነ ግን ምክንያቱ ዳታቤዙ ወይም ዲስኩ ሊሆን ይችላል። የዘገየ አክ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ሁሌም በዚያችው ቁጥር ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ፓኬቱን ያዙ

1. ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒዳምፕን በዚያ ፖርት ብቻ አጣርታችሁ ወደ ፋይል እንዲጽፍ አስነሱ።
2. ከእያንዳንዱ ፓኬት የመጀመሪያውን 96 ባይት ብቻ እንዲይዝ አድርጉ። ኢተርኔት 14፣ አይፒ 20፣ ቲሲፒ ቢበዛ 60፤ ድምሩ 94 ነውና የሚበቃችሁ ሁሉ አለበት። ዲስክ አይሞላም፣ የደንበኛ መረጃም በብዛት ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ አጫጭር መልእክቶች በዚያው 96 ባይት ውስጥ ሊታዩ ስለሚችሉ ፋይሉን ለማንም አትበትኑ።
3. በተመሳሳይ ሰዓት ላኪው ላይ ዋይርሻርክ አስጀምሩ።
4. የሙከራ ሥራውን አሂዱ፤ ሲያልቅ ሁለቱንም አቁሙ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ የምትችሉ ከሆነ የተቀባዩን ያዙ። በሞባይል ኔትወርክ የሚገናኝ ቢሮ ከሆነ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለው ጊዜ እየተለዋወጠ ስለሚያምታታ ከላኪው በኩል 40ን ጥርት አድርጋችሁ አታዩትም። ተቀባዩ ላይ ግን የመንገዱ ጊዜ ከቁጥሩ ውስጥ የለም።

ላኪው ላይ ከ1460 ባይት የሚበልጥ ፓኬት ብታዩ አትደንግጡ። የኔትወርክ ካርዱ የመቆራረጡን ሥራ ስለሚረከብ ዋይርሻርክ የሚያየው ገና ሳይቆራረጥ ነው።

ደረጃ 4፦ አንብቡት

ዋይርሻርክ ላይ ፋይሉን ክፈቱ። አንድ ፓኬት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፎሎው»፣ ከዚያ «ቲሲፒ ስትሪም» በሉ፤ አንድ ኮኔክሽን ብቻ ይቀራል። የሚከፈተውን መስኮት ዝጉት። ቀጥሎ «ቪው»፣ «ታይም ዲስፕሌይ ፎርማት»፣ «ሰከንድስ ሲንስ ፕሪቪየስ ዲስፕሌይድ ፓኬት» ምረጡ። አሁን በሰዓት አምድ ላይ የሚታየው ከፊተኛው ፓኬት ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው።

በሽታው ካለ ሰዓቱ እንዲህ ይሄዳል፤ ቁጥሮቹ ሚሊሰከንድ ናቸው።

- 0፦ ደሴ የጥያቄውን ሄደር፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ የሚጽፈውን 8 ባይት መግቢያ፣ ይልካል። መንገድ ላይ ሌላ ዳታ ስለሌለ ኔግል አይከለክለውም። ፕሮግራሙ ወዲያው 120 ባይት አካሉን ይጽፋል፤ ይህ ግን ላኪው ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ ሜሞሪ) ውስጥ ይታገታል።
- 3፦ ሄደሩ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ግማሽ ጥያቄ ይዞ መመለስ ስለማይችል ዝም ይላል። የአክ ሰዓት ቆጣሪው ይጀምራል።
- 43፦ ቆጣሪው ሞላ። ዳታ የሌለው ባዶ አክ ይወጣል።
- 46፦ አክ ደሴ ገባ። የታገተው 120 ባይት ተለቀቀ።
- 49፦ አካሉ ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ሰርቨሩ መለሰ።
- 52፦ መልሱ ደሴ ገባ።

ስለዚህ የተቀባዩ ፋይል ላይ የምትፈልጉት ይህን ነው፤ ትንሽ ዳታ ገብቶ፣ 0.040 ያህል ቆይቶ፣ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ አክ ወጥቶ፣ ከ6 ሚሊሰከንድ በኋላ ቀሪው ዳታ ሲገባ። ይህ በየጥያቄው ከተደጋገመ ተገኝቷል።

ሌላ መልክ ካያችሁ ግን እዚሁ ቁሙ፦

ሙሉው ጥያቄ ገብቶ፣ ከዚያ 40 ቆይቶ አክ፣ ከዚያም ብዙ ቆይቶ መልስ ከመጣ፣ አክ ንጹሕ ነው። ሰርቨሩ መልሱን ለማዘጋጀት ዘግይቷል፤ አክ የወጣው መልስ ሲጠብቅ ሰዓቱ ስላለፈበት ነው። ማስተካከል ያለባችሁ የዳታቤዝ ጥያቄውን ነው።

ክፍተቱ 200 ሆኖ፣ ከክፍተቱ በኋላ ያው የሴኩዌንስ ቁጥር (የዳታው ተራ ቁጥር) ዳግመኛ ከተላከ፣ ያ የጠፋ ፓኬት ነው። ሊኑክስ የጠፋን ፓኬት ደግሞ ለመላክ የሚጠብቀው ዝቅተኛ ጊዜም 200 ሚሊሰከንድ በመሆኑ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ዋይርሻርክ እንዲህ ያለውን «ሪትራንስሚሽን» ብሎ በጥቁር ይቀባዋል። የገመድ፣ የአንቴና ወይም የተጨናነቀ መስመር ጉዳይ ነው፤ ይህ መመሪያ አይፈታውም።

ክፍተቱ በመልሱ መካከል ከሆነ ደግሞ በሽታው ያው ነው፣ አቅጣጫው ተገልብጧል፤ መልሱን ሁለት ጊዜ ከፍሎ የሚጽፈው ሰርቨሩ፣ አክ የሚያዘገየው የቢሮው ኮምፒውተር ነው። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን «ላኪ» እና «ተቀባይ» ቀያይሩና ቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ አስተካክሉ

መፍትሔዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሞክሩ። አንዱን ሞክራችሁ ሳትለኩ ሌላውን አትጨምሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

*ሀ. አንድ ጊዜ ጻፉ።* ትክክለኛው መድኃኒት ይህ ነው። ሄደሩንና አካሉን ሜሞሪ ላይ አገጣጥማችሁ በአንድ ጥሪ ወደ ሶኬት ላኩ። ፓይተን ላይ ሁለቱን የባይት ቁርጥራጮች ደምሩና «ሴንድኦል»ን አንድ ጊዜ ጥሩ። ጃቫ ላይ «ባፈርድ አውትፑት ስትሪም» ተጠቀሙና ባፈሩን ወደ መስመሩ የሚያፈስሰውን «ፍለሽ»ን በጥያቄው መጨረሻ ብቻ ጥሩ። ከየመስኩ በኋላ ፍለሽ ማድረግ ባፈሩን ከንቱ ያደርገዋል፤ ብዙ ኮድ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። ሲ ላይ «ራይትቪ» ሁለቱን ሳትገለብጡ በአንድ ጊዜ ይልካል። 128ቱ ባይት አብሮ ከደረሰ ሰርቨሩ ወዲያው ይመልሳል፣ አክም በመልሱ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። የ52ቱ ሚሊሰከንድ ጉዞ ወደ 6 ይወርዳል።

*ለ. ኔግልን አጥፉ።* ኮዱን መልሶ ማደራጀት ከከበደ፣ የሚጽፈው ሶኬት ላይ «ቲሲፒ ኖዲሌይ» የሚባለውን አማራጭ 1 አድርጉ። ጎ ቋንቋ ይህን ከመጀመሪያው አብርቶ ይመጣል፤ የፓይተን ተራ ሶኬትና ጃቫ ግን እናንተን ይጠብቃሉ። ሁለት ነገር አስተውሉ፦

አንደኛ፣ ይህ አማራጭ አክን አይነካም። የሚነካው መላክን ብቻ ነው። ተቀባዩ ላይ አብርቶ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ባይት በባይት የሚጽፍ ከሆነ ኔግል የነበረውን ግድብ አፈረሳችሁ ማለት ነው። አንድ ባይት ለመላክ 41 ባይት ይሄዳል። በቀጭን መስመር ላይ ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ወደ «ሀ» ተመለሱ።

*ሐ. ተቀባዩን አፍጥኑ።* የላኪውን ኮድ መንካት ካልቻላችሁ፣ ተቀባዩም ሊኑክስ ከሆነ «ቲሲፒ ኩዊክአክ» አለ። ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.4.4 ጀምሮ ይገኛል። የሚረሳው ነገር ይህ አማራጭ አይጸናም፤ ከርነሉ በራሱ ጊዜ መልሶ ወደ ማዘግየት ይገባል። ስለዚህ ኮኔክሽኑ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሳይሆን ከየንባቡ በኋላ ደግማችሁ አብሩት። ኮዱ ጨርሶ የማይነካ ከሆነ በራውት (ማሽኑ ፓኬት ወዴት እንደሚመራ የሚናገር መስመር) ደረጃ ይቻላል፤ «አይፒ ራውት» በሚባለው ትእዛዝ ወደዚያ ኔትወርክ በሚወስደው ራውት ላይ «ኩዊክአክ 1» ጨምሩ። ነባሩን ራውት ሙሉ በሙሉ ገልብጣችሁ አስቀምጡና «ቼንጅ» በሚለው ተጠቀሙ። ሰርቨሩን ከሩቅ ሆናችሁ የምትነኩ ከሆነ፣ ራውቱን አጥፍታችሁ ልትጨምሩ ብትሞክሩ በመካከል መስመሩ ይቋረጥባችኋል፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ድረስ መውረድ ነው።

*መ. የዊንዶውስ ሬጂስትሪ።* ይህ የመጨረሻው ነው።

1. «ሬጅኤዲት»ን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱ።
2. ከ«ሎካል ማሽን» ተነስታችሁ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ፣ ቲሲፒአይፒ፣ ፓራሜተርስ፣ ኢንተርፌስስ ድረስ ውረዱ።
3. ረጃጅም ቁጥር ካላቸው ፎልደሮች የማሽኑ አይፒ አድራሻ ያለበትን ፈልጉ። በስህተት ሌላው ላይ መጻፍ ምንም አያመጣም፤ «አልሠራም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።
4. ከመንካታችሁ በፊት «ኤክስፖርት» አድርጋችሁ አስቀምጡ።
5. «ቲሲፒ አክ ፍሪኩዌንሲ» የሚል የዲወርድ ዋጋ ፍጠሩ፤ ስሙ ያለ ክፍተት ይጻፋል። ዋጋው 1 ይሁን። ለየሴግመንቱ አክ ወዲያው ይመለሳል ማለት ነው።
6. ማሽኑን ዳግም አስነሱ።

ለመመለስ ዋጋውን አጥፉትና ማሽኑን እንደገና አስነሱ። ለውጡ በዚያ ካርድ የሚያልፈውን ሁሉ እንደሚነካ አትርሱ፤ የዕቃ ፕሮግራሙን ብቻ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ሠርቷል?

ያንኑ 1500 መዝገብ ድገሙ። ወደ 9 ሰከንድ ካልወረደ «ሻል ብሏል» ብላችሁ አትለፉት። ፓኬቱን እንደገና ያዙና ሁለት ነገር እዩ፤ ጥያቄው በአንድ ፓኬት መውጣቱን፣ መልሱም ከፊቱ ባዶ አክ ሳያስቀድም መምጣቱን። መፍትሔ «ለ»ን ከመረጣችሁ ጥያቄው በሁለት ፓኬት ይወጣል፣ ግን በመካከላቸው የ40 ክፍተት አይኖርም። «ሐ» ወይም «መ» ከሆነ ደግሞ ባዶው አክ ይቀራል፤ ያለ መዘግየት ይመጣል፣ ሁለቱ ዙርም ስለማይቀር የምትጠብቁት ቁጥር 12 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 18 ሰከንድ ነው።

እምቢ ሲል

*ምንም አልተለወጠም።* ፕሮግራሙ አስቀድሞ የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን እየተዋሰ ይጠቀም ይሆናል። አሮጌዎቹ በአሮጌው ሴቲንግ ይቀጥላሉና ሰርቪሱን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አስነሱ። ፕሮክሲ ካለ ደግሞ ያስተካከላችሁት አንዱን ኮኔክሽን ነው፤ ከፕሮክሲው ወዲያ ያለውን ለብቻው ያዙና ደረጃ 4ን ድገሙ።

*40 ጠፍቶ 200 መጣ።* ኮዱ ውስጥ «ቲሲፒ ኮርክ»ን ፈልጉ። ኮርክ ሴግመንት እስኪሞላ ዳታ ያግታል፤ መክፈቱ ከተረሳ ሊኑክስ ራሱ የሚለቀው ከ200 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። መልእክቱ እንዳለቀ ወዲያው ክፈቱት።

*ጥያቄው ፈጠነ፣ ፋይል ማውረድ ዘገየ።* ተቀባዩ ላይ አክን ካፋጠናችሁ በኋላ በዋይፋይ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ሊታይ ይችላል። ዋይፋይ በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ ነው ያለው፤ የአክ ብዛት በእጥፍ ሲያድግ ለዳታው የሚቀረው አየር ይቀንሳል። ወደ ላይ የሚልከው አቅሙ ቀጭን በሆነ መስመርም እንዲሁ ነው። «ሐ»ን ወይም «መ»ን መልሱና «ሀ»ን ሥሩ።

*ከደሴ ፈጠነ፣ ከወልድያ ያው ነው።* ከወልድያ የፒንጉን ትንሹን ቁጥር በ1500 አባዙ። ውጤቱ ከለካችሁት ጠቅላላ ጊዜ ጋር ከተቀራረበ አክ እጁ የለበትም፤ እያንዳንዱ መዝገብ ደርሶ መልስ እየጠበቀ ነው። 30 ሚሊሰከንድ ከሆነ ብቻውን 45 ሰከንድ ይፈጃል፣ በሶኬት ሴቲንግም አይቀንስም። መዝገቦቹን 100፣ 100 አድርጋችሁ በአንድ ጥያቄ ላኩ፤ 1500 ዙር የነበረው 15 ዙር ይሆናል።